ጉልበተኛው ዓሣ ያጋለጠኝ

ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ ዓሣ ጠብ ነው የማወራችሁ። «ደግሞ ዓሣን ምን ያጣላዋል? ውሃው እንደሆነ የጋራ!» የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ዓሣን የማውቀው ተጠብሶ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ብቻ ነበር። ጠቡን ያየሁት ዱባይ ነው። ያውም ደመወዜን እስኪነካ ድረስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨረስኩና ውጤቱ እንዳሰብኩት ሳይሆን ቀረ። በ2011 ዓ.ም. በቤት ሠራተኝነት ወደ ዱባይ ሄድኩ። የገባሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከ700 ሊትር በላይ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ተገትሯል። አኳሪየም የሚሉት መሆኑ ነው። እዚህ አንዳንድ ሆቴልና ካፌ ውስጥ ከምናየው የሚለየው ውሃው ጨዋማ መሆኑ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይገባበታል፣ ልክ እንደ ባሕር። ሙቀቱም ከ25 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ መቆየት አለበት። ማዳም ቤቱን እያዞረች አሳይታኝ ስታበቃ ገንዳው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «ብርጭቆ ብትሰብሪ ሌላ እገዛለሁ። እዚህ ውስጥ ያለው ግን…» ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ገባኝ።

ጌታው ሶሃል

በገንዳው ውስጥ ጥንድ ክላውን ፊሽ፣ የተወሰኑ አረንጓዴ ትንንሽ ዓሦችና አንድ ጌታ ነበሩ። ጌታው ሶሃል ይባላል። ስታዩት ታፈዛላችሁ። ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ቀጫጭን ጥቁርና ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበታል፤ ጥቁር ክንፎቹ ጫፍ ጫፋቸው በደማቅ ሰማያዊ የተቀመቀመ ነው። ጭራው ሥር ደግሞ ብርቱካናማ ምልክት አለች። ያቺ ምልክት ጌጥ እንዳትመስላችሁ። እንደ ቀዶ ጥገና ምላጭ የምትቆርጥ እሾህ ናት። የሶሃል ወገኖች በእንግሊዝኛው «ሰርጅን ፊሽ» የሚባሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቀዶ ጥገና ሐኪም እንደማለት።

አገሩ የት ነው ብትሉኝ ቀይ ባሕር! ወላጆቻችን ምጽዋ ሄደው የታጠቡበት፣ እኛ ግን በካርታ ላይ ብቻ የምናውቀው ቀይ ባሕር። «አንተማ የጎረቤት ልጅ ነህ» ብዬ ወደድኩት። ጠዋት ጠዋት ስወለውል ከመስታወቱ ማዶ እየተከተለኝ ይሄዳል። የወደደኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔንም ሲያባርረኝ ኖሯል!

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቤቱ ትንሽ ልጅ ልደቷ ደረሰና አባትየው፣ ባባ የምንለው ማለት ነው፣ ቢጫ ታንግ የሚባል ዓሣ ገዝቶላት መጣ። እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ፣ ሃዋይ አካባቢ የሚኖር ዓሣ ነው። ልጅቷ እያጨበጨበች ባባ ከላስቲኩ ቀጥታ ወደ ገንዳው ጨመረው። ሶሃል ከዳር እስከ ዳር እንደ ጥይት ተወርውሮ መጣ። ጎን ለጎን ሆነና ጭራውን ወደ ቢጫው አዞረ። ከዚያ በኋላ ማሳደድ ነው። ባባ «ይላመዳሉ» ብሎ ወጣ።

አልተላመዱም። ቢጫው ከላይ ጥግ ላይ፣ የውሃ ማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ ምግብም ሳይቀምስ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክንፉ ተቦጫጭቆ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ከታች ተጋድሞ አገኘሁት። ማዳም ስታየው፣ «የምትመግቢያቸው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። የዓሣው ዋጋ የደመወዜን ሩብ ያህል ነበር። ወሩ ሲያልቅ ተቆረጠብኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያለቀስኩት ለዓሣው ይሁን ለብሩ እስካሁን አላውቅም።

ለምን ቢጫውን ብቻ?

በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ገንዳውን የሚያጸዳ አንድ ህንዳዊ ነበር። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ክንዱ ላይ የድሮ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። የሆነውን በተሰባበረ አረብኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኩት። «አንድ ነገር አይተሻል? ክላውኖቹን ነክቷቸው ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም! ትንንሾቹንስ? ዞር ብሎም አያያቸው።

ሰውዬው ያስረዳኝ ነገር ዓይኔን ነው የገለጠው። ሶሃል በባሕር ውስጥ ኑሮው እንደ ገበሬ ነው። በኮራሉ ዳርቻ ላይ የራሱን ቁራሽ መሬት ይይዝና እዚያ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጠ ይኖራል። ክላውን ፊሽ ድንጋይ ላይ ያለ አልጌ እየጋጠ አይኖርም፤ ስለዚህ ለሶሃል ምኑም አይደለም። ቢጫው ታንግ ግን ቅርጹም ሶሃልን ይመስላል፣ የሚበላውም እሱ የሚበላውን ነው። እና ሶሃል ሲያየው የሚታየው እንግዳ ሳይሆን እርሻውን ሊነጥቅ የመጣ ባላንጣ ነው። በባሕር ቢሆን ቢጫው ሸሽቶ ያመልጣል፣ ጠቡም እዚያው ያልቃል። በሁለት ሜትር ገንዳ ውስጥ ግን የት ይሸሻል? ማሳደዱ ማቆሚያ የለውም። ዓሣውን የሚገድለው የሶሃል ክፋት ሳይሆን መሸሻ ማጣቱ ነው።

ይህንን የታዘበው የኔ ህንዳዊ ብቻ አይደለም። በኋላ አገር ቤት ተመልሼ ሳነብ እንዳገኘሁት፣ ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጠበኝነት ባሳተመው መጽሐፍ ወሬውን የጀመረው ከኮራል ዓሦች ነው። እነዚህ ባለቀለም ዓሦች ከሌላው ይልቅ የገዛ ወገናቸውን እንደሚያጠቁ በባሕርም በገንዳም አይቶ ጽፏል። ሰውዬው በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ትልቁ ሳይንቲስትም፣ ገንዳ አጣቢውም የሚሉት አንድ ነው፤ ዓሣ አብዝቶ የሚነክሰው የሚመስለውን ነው።

አዲሷ ልጅ

ጥር ላይ ማዳም ሁለተኛ ሠራተኛ አስመጣች። የደሴ ልጅ ናት፤ ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? አማርኛ የሚናገር ሰው ስናፍቅ የኖርኩ ሴት!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አላለኝም። ከፊሊፒናዊቷ ምግብ አብሳይ ጋር እየተሳሳቅን ነበር የምንኖረው። የኔዋን አገር ልጅ ግን ገና በር ላይ ሳያት ሆዴ ተኮማተረ። እኔ የምሠራውን ሥራ ነው የምትሠራው። እኔ የምተኛበት ክፍል ነው የምትተኛው። ማዳም አንድ ቀን «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትበቃኛለች» ብትልስ?

ቁም ሳጥኑን ሙሉውን ይዤ እሷ ልብሷን በሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጠች። የትኛው ጨርቅ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ሳልነግራት ቀርቼ፣ ስትሳሳት ማዳም ፊት «አሳይቻት ነበር» አልኩ። ከአገር ቤት ያመጣችውን በርበሬ «ማዳም ሽታውን አትወድም» ብዬ ከመደርደሪያው አወረድኩባት። የእኔ በርበሬ እዚያው እያለ! ልጅቷ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። ምግብም ቀነሰች። እኔ «ኩራተኛ ናት» እል ነበር።

ሦስት ሳምንት ተዘግቶብን

መጋቢት ላይ ባባ ሌላ ቢጫ ታንግ አመጣ። የልጅቷ ለቅሶ አላስቀምጥ ብሎት ነው። አሁን ግን ህንዳዊውን ጠርቶት ነበር። ሰውዬው ቢጫውን በቀጥታ አልለቀቀውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሳጥን ገንዳው ውስጥ ሰቅሎ፣ ዓሣውን እዚያ ውስጥ አስገባው። ይተያያሉ፤ አይነካኩም። «እኔ መጥቼ ነው የምፈታው» ብሎ ሄደ።

አልመጣም። የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነበር። ከመጋቢት 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዱባይ ቀንም ሌሊትም ከቤት መውጣት ተከለከለ፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ማዳም፣ «ይሄኛውም ቢሞት ታውቂያለሽ» አለችኝ። እኔ፣ ሶሃል፣ ቢጫው፣ የደሴዋ ልጅና ስልኬ ቀረን።

ህንዳዊው በስልክ ቪዲዮ እያየ መራኝ። የነገረኝንና ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ምግብ። በቀን አንዴ የነበረውን ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ ሦስት ጊዜ አደረግኩት። ኖሪ የሚባለውን ደረቅ የባሕር ቅጠል፣ ሱሺ የሚጠቀለልበትን ማለት ነው፣ በገንዳው ሁለት ጫፍ በማያያዣ ሰቀልኩ። አንድ ቦታ ብቻ ከተሰቀለ ጉልበተኛው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለት ቦታ ሲሆን ሁለቱን ሊጠብቅ አይችልም።

ሁለተኛ ትዕግሥት። ሶሃል የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳጥኑን በጭራው ሲደበድበው ዋለ። ሰውዬው «መደብደቡን እስኪተው እንዳትፈቺው» ብሎኛል። በስድስተኛው ቀን ሲያልፍ ገልመጥ ብቻ ማድረግ ጀመረ። እኔ ግን ሌላ ሁለት ቀን ጨመርኩ። ፈሪ ነኛ!

ሦስተኛ ድንጋይ። ቢጫው በሚለቀቅበት ምሽት እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ድንጋዮቹን አዘዋወርኩ። ሶሃል ክልሌ የሚለው የነበሩትን ድንጋዮች ነው። ድንጋዩ ሲዘዋወር ድንበሩ ይጠፋበታል፤ እሱም እንደ አዲስ ገቢ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። አደራደሩም ዋሻ የሚበዛበት፣ አንደኛው ሌላኛውን ከዳር እስከ ዳር እንዳያየው የሚጋርድ ሆነ። ዓሣ ያላየውን አያሳድድም።

ድንጋዮቹ ከባድ ስለነበሩ ብቻዬን አልቻልኩም። የደሴዋን ልጅ ጠራኋት። ሁለታችንም ጨዋማ ውሃ እያንጠባጠብን ስንለፋ፣ «ለምንድነው የምናዘዋውረው?» አለችኝ። እኔም የህንዳዊውን ነገር ደገምኩላት። ቀድሞ የገባው ሁሉም ቦታ የእኔ ነው ይላል፤ ለአዲሱ መሸሸጊያ አይተውለትም፤ በተለይ የሚመስለውን ያጠቃል…

እየተናገርኩ ድምፄ ቀጠነ። ልጅቷ ድንጋይ እንደያዘች አየችኝ። «እህቴ» አለች፣ «እኔ እኮ ቦታሽን ልወስድ አልመጣሁም።»

ምን እላለሁ? ምንም አላልኩም። ድንጋዩን ተቀበልኳት።

አራተኛ ጨለማ። መብራቱን አጥፍተን ቢጫውን ለቀቅነው። ዓሦች ሲጨልም ይረጋጋሉ፤ እንግዳውም እስኪነጋ መደበቂያውን ያገኛል።

አምስተኛ መስታወት። ይሄኛው ሊያስቃችሁ ይችላል። የፊት መስታወቴን ከገንዳው ውጪ፣ ሶሃል በሚያዘወትርበት ጎን በፕላስተር ለጠፍኩት። ሶሃል የገዛ ምስሉን ባላንጣ መስሎት ሲፎክርበት ዋለ! ቢጫው በዚያ መሃል ዞር ዞር ብሎ ቤቱን ለመደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን መስታወቱን አንሱት ተብሏል፤ ሁልጊዜ ሲፎክር ለራሱም ጭንቀት ነው።

በሦስተኛው ቀን የቢጫው ጭራ ጫፍ ተቀዶ አየሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። «ይበላል? በፍጥነት ይተነፍሳል? ጥግ ይዟል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይበላል፤ አተነፋፈሱ ደህና ነው፤ ይንሸራሸራል። «እንግዲያው ጠብቂ» አለኝ። ያን ሌሊት ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ልጅቷ ሻይ አፍልታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

በማግስቱ ማዳም ሳትሰማ ክፍላችንን ገለባበጥነው። ቁም ሳጥኑን መሃል ላይ አቁመን አልጋዎቻችንን ለየብቻ ጋረድን። ግማሹ መደርደሪያ የእሷ ሆነ። በርበሬዋም ወደ ቦታው ተመለሰ። «ይቅርታ» ያልኳት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሜ ብላት ኖሮ አታምነኝም ነበር።

ገንዳ ላላችሁ፣ ሊኖራችሁም ላሰባችሁ

ውጪ አገር ያላችሁ ወይም እዚሁ ተራ ውሃ የሞላ ገንዳ ያላችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ጠቡ እዚህም አለ። ለምግብ የምናውቀው ቆሮሶ እንኳ ወንዱ ጎጆውን ቆፍሮ ሲጠብቅ ሌላውን ወንድ አያስደርስም። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ያዙልኝ፦

• ሰላማዊውን መጀመሪያ፣ ጠበኛውን መጨረሻ አስገቡ። ብዙ ሰው ዳምዝል የሚባለውን ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ ርካሽና ጠንካራ ነው ብሎ ቀድሞ ያስገባል። ያ ሚጢጢ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያስለቅሳል።

• በቅርጽ፣ በቀለምና በአመጋገብ የሚመሳሰሉትን በአንድ ትንሽ ገንዳ አትደባልቁ። የግድ ከሆነ አብራችሁ በአንድ ቀን አስገቧቸው፤ ማናቸውም ባለርስት አይሆኑም።

• ክላውን ፊሽ ከፈለጋችሁ ሁለት ትንንሾች፣ በመጠን የሚበላለጡ ግዙ። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚጀምሩት፤ ትልቋ ሴት ትሆናለች፣ ትንሹ ፊቷ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ይገዛላታል። መንቀጥቀጡ በሽታ አይደለም፤ «እሺ እመቤቴ» ማለቱ ነው። እሷ ከሞተች ወንዱ ራሱ ሴት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የኒሞን ፊልም ያያችሁ አስቡት፤ እናትየው ከሞተች በኋላ አባትየው እውነተኛ ዓሣ ቢሆን ኖሮ እሱ ራሱ እናት ይሆን ነበር! ጥንዶቹ መሃል ሦስተኛ አታስገቡ። አይምሩትም።

• መሯሯጥና ጥቃት ይለያያሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሯሯጥ ያለ ነው። ክንፍ እየተቦጨቀ ከሄደ፣ ምግብ ካቆመ፣ ላይኛው ጥግ ላይ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ግን «ይላመዳሉ» ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ለዩአቸው። ጭንቀት ለበሽታም ያጋልጣል፤ እንደ ጨው ፍንጣቂ ነጭ ነጥብ ሰውነቱ ላይ ካያችሁ አደጋ ነው።

• ስትለዩ ከተቻለ ተጠቂውን ሳይሆን ጉልበተኛውን አውጡት። አንድ ሁለት ሳምንት ሌላ ገንዳ ቆይቶ ሲመለስ እሱ ራሱ አዲስ ገቢ ይሆናል። እንደ ሶሃል ባለእሾህ ከሆነ መረብ ላይ ይጠላለፋል፤ በፕላስቲክ ዕቃ አጥምዱት፤ እጃችሁንም ጠብቁ። የህንዳዊው ጠባሳ ከዚሁ የመጣ ነው።

መጨረሻው

እንቅስቃሴው ሲፈቀድ ህንዳዊው መጣ። ሁለቱ ዓሦች በየጫፋቸው ቅጠላቸውን ይግጣሉ። ተመለከተና ለባባ እንዲህ አለው፤ «ይሄ እርቅ ጊዜያዊ ነው። ሶሃል 40 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ያኔ ድንጋይ ማዘዋወርም አይበቃም።» ባባ ከብዙ ማንገራገር በኋላ ተስማማና ሶሃልን ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ሰጡት። የተወሰደ ቀን፣ እመኑኝ፣ ሆዴ ባባ። ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም። ጠባብ ቦታ ላይ ያስገቡት እኛው ሰዎች ነን።

እኔ በ2014 ዓ.ም. ተመለስኩ። የተቆረጠብኝ የመጀመሪያው ዓሣ ዋጋ አልተመለሰልኝም፤ ይቅር። የደሴዋ ልጅ አሁንም እዚያው ቤት ናት። አንዳንዴ በስልክ ድምጿን ትልክልኛለች፤ «ቢጫው ደህና ነው፤ ወፍሯል» ትላለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ቁም ሳጥኑ አሁንም መሃል ላይ ነው» ብላ ትስቃለች። አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ መጀመሪያ የምታሳያት የመደርደሪያውን ግማሽ ነው አሉ።

እናንተስ? አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምትኖሩ፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ ሱቅ የምትሠሩ፣ ሰሞኑን ያኮረፋችሁት ሰው ማን ነው? የሚመስላችሁ ሰው አይደል? እስቲ «ባሕርይዋ ነው» ከማለታችሁ በፊት ድንጋዩን አዘዋውሩ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱልኝ!